ውሃ ሊቀዳ የወረደው ሽብሩ

ያን ዕለት እሁድ ጠዋት፣ በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ፣ ራሴን ከሙታን ጋር በቤተ ክርስቲያን አስጠራሁ። አትሳቅ ወዳጄ፣ ወይም ሳቅ፣ እኔም አሁን ሳወራው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ቄሱ «ነፍሳቸውን አሳርፍልን» ብለው ስም መጥራት ጀምረው፣ ሦስተኛው ላይ «ክፍለ ማርያም» ሲሉ፣ ያ በክርስትና ስሙ ክፍለ ማርያም የተባለው ሟች እኔ ነኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ቆሜ ከሰው ጋር «አሜን» ያልኩትም ያው እኔው ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ጠዋት መነጽሬን አልጋው ላይ ጣል አድርጌ፣ የት ገባ ብዬ ቤቱን ሳተራምስ ቆይቼ፣ ደክሞኝ ቁጭ ስል የተቀመጥኩት እሱው ላይ ነው፣ ቀጭ አለ። ኪሴ ውስጥ ማታ የጻፍኳቸው ሁለት ብጣሽ ወረቀቶች ነበሩ፣ ከአንድ ደብተር የተቀደዱ፣ አንዱ ላይ በሕይወት ያለነው የቤተሰቡ ሰዎች፣ ለታመሙና በመንገድ ላሉ ለሚደረገው ጸሎት፣ ሌላው ላይ የሞቱብን። ያለ መነጽር ሁለቱም ያው ብጣሽ ናቸው፣ ቄሱ እጃቸውን ሲዘረጉ አቀያይሬ ሰጠኋቸው፣ ያለነውን ወደ ሙታን፣ ሙታኑን ወደ መንገደኞች። ሰባ አምስት ዓመት ኖሬ በአንድ ጠዋት ውስጥ መነጽሬንም ሕይወቴንም በቂጤ ጨረስኩ ማለት ነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱን በር ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን አሹ።

«እንግዲህ አቶ ደምሴ፣ ለሙታኖቹም 'በመንገድ ያሉትን በሰላም ወደ ቤታቸው መልስ' ብለን ጸልየናል፣ ክፋት የለውም።»

«የኔስ አባቴ?»

«እርስዎማ ቀብድ ከፈሉ።»

ከመጀመሪያው እንግባባ፣ እኔ መንፈስ ታየ፣ የሞተ ሰው በር አንኳኳ ሲባል ጆሮዬን የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፣ ከመካኒሳ እስከ ፉሪ አንገቴን ያላስገባሁበት የቆጣሪ ጉድጓድ የለም፣ ሰው ሁሉ «እዚያ ግቢ ውስጥ ነገር አለ፣ አትግባ» የሚለኝ ቤት ገብቼ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የታሰረ ውሻና ሂሳብ መክፈል የማይወድ ሰውዬ ነው። ጎረቤቶቼ ስለ ጋኔን ሲያወሩ «ቆጣሪው ስንት ያነባል?» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። አሁን የምነግርህን እንድታምነኝ አልለምንህም፣ እኔም እስካሁን ራሴን ማሳመን አልቻልኩም፣ ግን የሆነው ይሄ ነው።

ስለ እትዬ ዘነበች ሳልነግርህ ብቀጥል ግን አይገባህም። እትዬ የአጎቴ የሽብሩ ልጅ ናት፣ እናቷ ገና ጡት ሳትጥል ስለሞተችባት እኛ ቤት ነው ያደገችው፣ እኔ ስወለድ ደርሳ ያዘለችኝ እሷ ናት፣ እህቴ ናት ማለት ነው። ዛሬ ፉሪ ከልጇ ጋር ትኖራለች፣ ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል ብለዋል፣ እኔን ስትሰድብ ግን ምንም ድካም አይታይባትም።

አባቷ ሽብሩና የኔ አባት ተሰማ ወንድማማቾች ናቸው፣ ሽብሩ ታላቅ። በጣሊያን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ከኬንያ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር ስንቅ የሚጭንለት ሰው ሲፈልግ፣ ሁለቱ ሦስት በቅሎ ነድተው ገቡለት። ልጆቼ የዓለም ጦርነት ሲባል ነጭና ነጭ በበረዶ ላይ የሚታኮሱበት ፊልም ነው የሚመስላቸው፤ የኛ ቤት የዓለም ጦርነት ግን ሦስት በቅሎ፣ ሁለት ኮዳ፣ አንድ እንግሊዝ ያወለቀው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት ነው። ካፖርቱን የለበሰው ሽብሩ ነው፣ ታላቅ ነዋ።

አባቴ ሲያወራልን እንዲህ ይላል፦ ከሐይቆቹ ዳር ሰፈርን፣ ውሃው አፍንጫችን ስር ነው፣ ግን ይመራል፣ በቅሎ እንኳ አሽትታው ትመለሳለች፣ ሽብሩ ሁለቱንም ኮዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «የሚጠጣ ውሃ ፈልጌ መጣሁ፣ በቅሎዎቹን ይዘህ ጠብቀኝ» ብሎኝ ወደ ጫካው ወረደ። እዚህ ላይ ይቆምና ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «አዲስ አበባ ስንገባ ደግሞ...» ብሎ ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ ታሪኩ እንደ አሮጌ ሬዲዮ መሃል ላይ ጣቢያ የሚስት ይመስለኝ ነበር። ከጫካው እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከኛ ቤት ታሪክ ውስጥ የለም፣ ሽብሩም እዚያው ውስጥ ነው የቀረው።

አባቴ ለወንድሙ ፍትሐት እንዲደረግ፣ ተዝካር እንዲወጣ ዕድሜውን ሙሉ አልፈቀደም። «መጥቶ ቢያገኘንስ? በቁሜ ቀበራችሁኝ ቢለንስ?» ይላል። እትዬ ደግሞ ከፍ ካለች ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አባቷ በክርስትና ስሙ ተጠርቶ እንዲፈታ። ያንን ስም የሚያውቅ ከአባቴ በቀር የቀረ ሰው አልነበረም፣ ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል፣ የክርስትና አባቱም ሞቷል፣ የተጠመቀበት ደብር መዝገብ በዚያው በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሏል። ቄሶቹ «ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ በዓለም ስሙ እንጠራዋለን» ቢሏትም አሻፈረኝ አለች። «ሽብሩማ በቅሎ ጫኙ ነው፣ እኔ የምፈልገው የተጠመቀውን ነው» ትላለች።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። አባቴ ሊሞት ሲል፣ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሳይኖር፣ እጄን ይዞ «ጦሩ በድንገት ተነሣ፣ አለቃው ጮኸብኝ፣ አልጠበቅኩትም» አለኝ። ከዚያ የሽብሩን የክርስትና ስም ነገረኝ። «ያዘው፣ ለዘነበች ንገራት፣ ይፈታ» አለኝ፣ በዚያው ሌሊት አረፈ። ከዚያ ለቅሶ ነው፣ ድንኳን ነው፣ ወንበር ልመና ነው፣ በሦስተኛው ቀን ፋታ ሳገኝ ስሙን ብፈልገው የለም! የሺህ ቤት ቆጣሪ ቁጥር በቃሌ የማውቅ ሰውዬ፣ አንድ ስም፣ የአንድ ሰው ስም፣ እንደ ሳሙና ከእጄ አመለጠኝ። እትዬ በአርባው ቀን «አባባ የነገረህ ነገር የለም?» ስትለኝ፣ ዓይኗን እያየሁ «ምንም አላለኝም» አልኳት። እሱን ካልኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ ትጠይቀኛለች፣ በየዓመቱ እዋሻለሁ፣ ውሸቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁትም፣ የኔ ነገር እንዲህ ነው።

እንግዲህ ያን እሁድ ለሙታን በጻፍኩት ብጣሽ ላይ የመጨረሻው መስመር «ሽብሩ» ብቻ ይላል። በመንገድ ያሉትን በሰላም ወደ ቤታቸው መልስ ተብሎ የተጸለየለት እሱም ነው።

በኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ የኛ ተራ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሁድ ያልሞላ ሮቶ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ስለዚህ የእሁድ ሥራዬ አንድ ነው፣ ጎማውን ከግቢው ቧንቧ ወደ ሮቶው ሰክቼ በረንዳ ላይ መቀመጥ። ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጣ፣ ሰካሁ፣ ገባሁ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ፣ ወዲያው መብራት ጠፋ፣ እኔም መነጽር የለኝ፣ ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ ዕድሌን እየረገምኩ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት የብረት ድምፅ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ቅጭል ቅጭል የምትል፣ ክዳን በሰንሰለት ታስሮ ቆርቆሮ ሲመታ ዓይነት። ከበሩ በኩል መጣች፣ በግቢው አለፈች፣ ቧንቧው ጋ ቆመች። ቀጥሎ ውሃው ድምፁን ለወጠ። ይሄንን ሌላ ሰው ላያስተውለው ይችላል፣ እኔ ግን በውሃ ድምፅ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ወደ ሮቶው የሚሄደው ውሃ ተቋርጦ አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ መግባት ጀመረ።

«ማነው? ሙኒራ ነሽ?» አልኩ ሶፋዬ ላይ ሆኜ። ሙኒራ በግድግዳ የምንዋሰን ባለሱቅ ናት፣ ውሃ ሲቸግራት ትገባለች።

«ልቅዳ፣ ጠምቶናል» አለኝ የወንድ ድምፅ።

ከጎናችን ሕንፃ እየተሠራ ነው፣ ዘበኞቹ አንዳንዴ ውሃ ይለምኑኛል፣ እሱ ነው ብዬ «ቅዳ፣ ቅዳ፣ ግን ቶሎ በል፣ ሮቶዬ አልሞላም» አልኩት።

ዕቃ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ታውቃለህ፣ አፉ ላይ ሲደርስ ያፏጫል፣ ከዚያ ያበቃል። ይሄኛው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ሊያፏጭ ሲል ተመልሶ ወፈረ፣ ከታች ጀመረ። ደግሞ ቀጠነ፣ ሊሞላ ሲል እንደገና ከታች። አምስቴ፣ ስድስቴ ቆጠርኩ። ፈርቼ እንዳይመስልህ፣ እመነኝ፣ የተናደድኩት ነው፣ ሰውዬው የግንባታውን በርሜሎች አሰልፎ የሳምንት ውሃዬን እየጨረሰብኝ ነው ብዬ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፣ ከዚያ ጫማዬን ግራውን በቀኝ ተጫምቼ ወጣሁ።

ግቢው ደብዘዝ ብሏል፣ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቧንቧው ስር ቁጢጥ ብሏል። ረጅም ካፖርት ለብሷል፣ ጫፉ መሬቱ ላይ ተዘርግቷል። ዘበኛ ካፖርት ይለብሳል፣ ምንም አልገረመኝም። የገረመኝ ሽታው ነው፣ በላብ የራሰ የጭነት ከብት ሽታ፣ መካኒሳ መሃል እንዲህ ያለ ሽታ ከየት መጣ አልኩ በልቤ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው የያዝከው፣ ቦቴ ነው?»

«ኮዳ ነው» አለኝ ሳይዞር።

«ለአንድ ኮዳ ሃያ ደቂቃ?»

«ሁለት ነው። የወንድሜም አለ።»

«የወንድምህን ወንድምህ ይቅዳው! እኔ እዚህ ለቤተሰብህ ሁሉ ውሃ የማድል መሰለህ?»

ውሃው ብቻ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ፣ በሩ አጠገብ ያለው የቆጣሪ ጉድጓድ ጋ ሄድኩና፣ ስንት ዓመት የለመደ እጄ በጨለማ አይሳሳትም፣ ዋናውን መዝጊያ ጠርቅሜ ዘጋሁት። ውሃው ቀጥ አለ።

«ገና እኮ አልሞላም» አለ ሰውዬው። ቁጣ አይደለም፣ በጣም የታከተው ሰው ድምፅ ነው፣ እንደኔው የታከተው።

«የሳምንት እሁድ ና!»

«ጠብቀኝ ብዬህ ነበር እኮ፣ ተሰማ።»

ወዳጄ፣ አባቴን «አንተ» ብሎ በስሙ የሚጠራው ሰው ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው። እኔ ደግሞ ቁርጥ አባቴን ነኝ ይሉኛል፣ ድምፄም ጭምር። ልሮጥ ፈለግሁ፣ ግን ጫማዬ ግራ ቀኝ ነው፣ እንኳን ልሮጥ መቆምም አልሆነልኝ።

«ማን ልበል?» አልኩ።

«ስሜንም እዚያው ጣልከው?» አለኝ፣ ከዚያ ተናገረው።

የክርስትና ስሙን ተናገረው። እዚህ አልነግርህም፣ የሰው የክርስትና ስም በየሰፈሩ አይበተንም፣ የኔን አስቀድሜ የበተንኩት አንዴ ስለሞትኩ ነው። ግን ልክ ከአፉ ሲወጣ የአባቴ መኝታ ክፍል፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ እጄን የያዘበት እጁ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ያው ስም ነው! ሠላሳ ዓመት የፈለግሁት ስም ነው!

በዚሁ ቅጽበት መብራት መጣ፣ የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ የበረንዳዬ አምፖል ግቢውን ቦግ አደረገው። ቧንቧው ስር ሰው የለም። በሩን አየሁት፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስገባ እንደቀረቀርኩት ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎንበስ ብዬ ቧንቧው ስር ያለውን ሲሚንቶ በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው፣ ደረቅ ብቻ አይደለም፣ አቧራ አለው። ሮቶዬን አንኳኳሁት፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የገባው እንኳ የለም፣ ከታች እስከ ላይ ባዶ ነው። ቆጣሪውን ደግሞ በባትሪ አብርቼ፣ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አነበብኩት፣ ሮቶዬን ሁለቴ የሚሞላ ውሃ አልፎበታል። ውሃው ወጥቷል፣ የትም ግን አልገባም። የሚከፍለው ማነው? እኔ ነኛ!

ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ግን ስሙን መጻፍ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ ክፍል ብገባ በሩ ላይ እረሳዋለሁ፣ ስለዚህ ከምድጃው ከሰል አንሥቼ የሳሎኔ ግድግዳ ላይ፣ ያለ መነጽርም በሚነበብ መጠን፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጻፍኩት። ባለፈው ዓመት የቀባሁት ግድግዳ ነው። ከዚያ ስልኬን አነሣሁ።

«ምን ሆንክ አንተ፣ እራት እየበላሁ ነው» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ የአባትሽን የክርስትና ስም አገኘሁት።»

ማንኪያ ሲቀመጥ ሰማሁ። «ከየት?»

እውነቱን ልንገርህ፣ አፌ ላይ የመጣው ውሸት ነበር። ከአሮጌ ወረቀት መሃል ልላት ነበር፣ ከአንድ መነኩሴ ልላት ነበር፣ ሁለት ሦስት ውሸት ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ ያለው ከሰል እያየኝ ነው።

«አባባ ነግሮኝ ነበር። ሊሞት ሲል። እኔ ረሳሁት።»

«ምንም አላለኝም አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«አንተ የማትረባ! አንተ ቀጣፊ! አዝዬ ያሳደግሁህ ጀርባዬ ይርገምህ! እኔ እዚህ ልቤ ዛሬ ነገ ይቆማል እየተባልኩ፣ አባቴን እንደ ውሻ ሳላስፈታ ልሞት ነው እያልኩ ሌሊቱን ስቆጥር፣ አንተ እዚያ ሆነህ ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም እትዬ፣ አፍሬ ነው።»

«እፍረትህ ሠላሳ ዓመት ይፈጃል?»

አለቀሰች፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅኋት። ትንፋሿ ሲመለስ ስሙን ነገርኳት፣ በሹክሹክታ ደገመችው፣ እንደገና ደገመችው፣ ሦስተኛውን ጊዜ ለልጇ ነገረች። ከዚያ ነው የቀረውን፣ የካፖርቱን፣ የኮዳውን፣ «ተሰማ» ያለኝን የነገርኳት። ጠጥተሃል ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችኝም።

«ፊቱን አየኸው?» አለች።

«ጀርባውን ብቻ ነው።»

አባቷን በፎቶ እንኳ አታውቀውም፣ በዚያ ዘመን ማን ያነሣዋል። ቀጥላ «ሞላለት?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ውሃው ነዋ! ኮዳው ሞላለት ወይ?»

«እ... ዘጋሁበት።»

«ዘጋህበት?»

«ዘበኛ መስሎኝ እኮ ነው፣ እትዬ፣ ሮቶዬ...»

«ሮቶህ ይፍረስ! ወንድሙ አልጠበቀው፣ አንተ ደግሞ ዘጋህበት። ስማኝ ደምሴ፣ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ያን ቧንቧ ከፍተህ ትተዋለህ፣ እስኪሞላለት ድረስ።»

«ውሃው እኮ በሳምንት አንድ ቀን...»

«እስኪሞላለት!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ፍትሐቱ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ተደረገ። ብጣሹን ወረቀት ይዤ የገባሁት በአዲስ መነጽር ነው፣ ቄሱ ሳይቀበሉኝ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ እሳቸውም «ዛሬ ማን ማን ሞቷል?» ብለው አሾፉብኝ። ስሙ ሲጠራ እትዬ ከጎኔ ወንበር ላይ ነበረች፣ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ እንዳልረሳው ይሁን ወይ ለሠላሳ ዓመቱ ቅጣት ይሁን አላውቅም፣ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ትተኛለች ትላለች ልጇ።

ስለዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ነገሩንም አስቤበት፣ ለራሴ ጥሩ አድርጌ አስረድቼው ነበር፣ ያን ቀን ጠዋት የራሴን ስም ከሙታን ጋር ስሰማ ደነገጥኩ፣ ድንጋጤው ያችን የተዘጋች ክፍል ከፈታት፣ ስሙ ከዚያው ከገዛ ራሴ ውስጥ ነው የወጣው፣ ሰውዬውም ዘበኛው ነው። ዘበኛውን ሄጄ ጠየቅሁት። «እኔ ካፖርት የለኝም አባቴ፣ የሰጡን ይሄንን ነው» ብሎ ሰማያዊ ጃኬቱን አሳየኝ፣ ያን እሁድ ደግሞ ተረኛ አልነበረም።

የፍትሐቱ ማግስት በዋለው እሁድ፣ እትዬን እንዳልዋሽ ብዬ ብቻ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ቤት ገብቼ ሬዲዮኔን ለቀቅሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሬዲዮው መሃል ያች የብረት ድምፅ አለፈች። ከዚያ ውሃው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ሊያፏጭ ሲል ከታች ጀመረ። የሬዲዮውን ድምፅ ጨመርኩት፣ ሌላ ምን ልሥራ፣ ወጥቼ ልለምነው? ውሃው ሲሄድ ወጥቼ ሲሚንቶውን ዳሰስኩት፣ አቧራ ነው።

ተፈትቷል እኮ! በስሙ ተጠርቷል፣ ተቀድሶለታል፣ ታዲያ ምን ቀረው? ስሙ ስህተት ይሆን? ወይስ እኔ በዚያ ብጣሽ ወረቀት መንገደኛ ካደረግሁት ወዲያ፣ ሙት ነህ ቢሉት የሚሰማ ሰው አይደለም? ቄሱን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፣ ግን መጀመሪያ ያጠፋሁትን ማስታወስ ሊሆንብኝ ነው፣ ተውኩት። እትዬ ደግሞ እሁድ ማታ ማታ ትደውላለች።

«ሞላለት?»

«ገና ነው እትዬ።»

«ተወው እንግዲህ፣ ይቅዳ» ትለኛለች፣ ድምፅዋ ውስጥ የማላውቀው ነገር አለ፣ ደስታ ነው ብል አልዋሸሁም። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ላይ በሳምንት አንድ ቀን አባቷ የሚመጣላት ልጅ ሆናለች፣ እኔ ምን ብዬ ልዝጋበት?

ከተዘጋበት ደግሞ ምን እንደሚል መስማት አልፈልግም፣ እሱም አለ።

ስለዚህ ሮቶዬ ባዶ ነው። ቆጣሪው ግን ይዞራል፣ በየወሩ ቢሉ ሲመጣ የድሮ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ጋሽ ደምሴ መዋኛ ገንዳ ሠርተሃል እንዴ» ይሉኛል። ባለፈው ሰኞ የማጥብበት እንኳ አጥቼ የሙኒራን በር አንኳኳሁ፣ ሁለት ጄሪካን ሞልታ ሰጠችኝ፣ ደግ ሰው ናት። ልወጣ ስል ግን ከሱቋ መስኮት ብቅ ብላ፣

«ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ትናንት ቧንቧዎ ሲንዠቀዠቅ በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ነው የፈሰሰው፣ ታዲያ ውሃው የት ገባ?» አለችኝ።

«እንግዳ ነበረብኝ» አልኳት።

«ብዙ ናቸው?»

«ሁለት ኮዳ ናቸው» ብያት ሄድኩ፣ እንደ ቀልድ ወሰደችው፣ ሳቀች። እሁድ ሲሞላልኝ እመልስልሻለሁ ብዬ ነበር። ትናንት እሁድ ነበር፣ ቧንቧውን ከፍቼ ገባሁ። የሙኒራ ሁለት ጄሪካን ውሃ እስካሁን አለብኝ።